ቪዲዮው ከመላኩ በፊት ሠልጣኙ ይታወቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እኔ ጎንደር ውስጥ ጎልማሶችን የማሠለጥን ሰው ነኝ። ከጊዜ ወዲህ በየሥልጠናው ፍሊፕድ ክላስሩም የሚባለውን አሠራር እየሰማን ነው። ሠልጣኙ ገለጻውን ቀድሞ በቪዲዮ ወይም በጽሑፍ ያየዋል። አዳራሽ ሲገባ ሰዓቱ ለልምምድና ለጥያቄ ይውላል። በዚህ ስም በሰፊው ያስተዋወቁት ጆናታን በርግማን እና አሮን ሳምስ የተባሉ የአሜሪካ ኬሚስትሪ መምህራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን እየቀረጹ ማስቀመጥ ጀመሩ።

ለእኛ አገር ሰው ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ጥግ ይዞ ብቻውን ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም እዚያው ያርመዋል። የመምህሩ ውድ ሰዓት ለእርማት ነው የሚውለው።

ስለዚህ አሠራሩን ከልቤ እደግፋለሁ። ያሳሰበኝ አተገባበሩ ነው። አንድ ቪዲዮ፣ አንድ ፒዲኤፍ፣ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ከዚያ «አይታችሁ ኑ»! እነ በርግማን የጀመሩት በአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ነው። እኛ አዳራሽ ውስጥ ግን ትናንት የተመረቀችውና ጡረታ የደረሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው በተን ስልክ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አዋላጆች እንደተወለደ ያልተነፈሰ ሕፃንን ስለመርዳት ይሠለጥናሉ እንበል። ሕፃኑ ተጠርጎና ጀርባው ታሽቶ ካልተነፈሰ፣ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (ፊት ላይ የሚገጠም ማስክ ባለው፣ በእጅ በሚጨመቅ የአየር መስጫ ከረጢት) አየር መስጠት መጀመር አለበት። አዲሷ ምሩቅ ቅደም ተከተሉን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ያስፈልጋታል። እያቆመች፣ እየመለሰች ታየዋለች። አዳራሽ ስትመጣ በሕፃን አምሳል የተሠራው የመለማመጃ አሻንጉሊት እጇ ላይ ይሁን። ማስኩ አገጩን፣ አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ ዓይኑን እንዳይነካ፣ አንገቱ እንዳይታጠፍ፣ በእያንዳንዱ ጭመቃ ደረቱ መነሳቱን እስክታይ ድረስ ትደጋግም።

ሃያ ዓመት ያዋለደችው እህታችን ግን ያን ቪዲዮ ብትልኩላት ሁለት ደቂቃ አይታ ትዘጋዋለች። እውነቷን ነው፤ የምታውቀውን ነው የላካችሁላት። ለእሷ መላክ ያለበት ጥያቄ ነው፦ «ማስኩን አስተካክለሽ ጨምቀሻል፣ ደረቱ ግን አልተነሳም። ቀጥሎ ምን ታደርጊያለሽ?» መልሷን ይዛ ትምጣ። ደግሞ የቆየ ልምድ ከቆየ ልማድ ጋር ነው የሚመጣው። ሕፃኑን ዘቅዝቆ መምታት ዛሬ አይመከርም፤ ነገር ግን እጅ የለመደውን ቪዲዮ አያስተወውም። አሻንጉሊቱ ላይ ስትሠራ አይቶ፣ በአክብሮት የሚያርማት ሰው ያስፈልጋታል።

ወደ ጎንደር አራዳ ገበያ ነጋዴ እንምጣ። ስለ ሒሳብ አያያዝ ሊሠለጥን ነው። ሱቁን ጠዋት ከፍቶ ማታ የሚዘጋ ሰው ሃያ ገጽ ፒዲኤፍ አያነብም፤ በእንግሊዝኛ ከሆነማ ጭራሽ አይከፍተውም። ደንበኛ ሲቀዘቅዝ የሚሰማው የአምስት ደቂቃ ድምፅ በአማርኛ ይበቃዋል። ከዚያ የሳምንት ሽያጩን በደብተር ጽፎ ይምጣ። ሥልጠናው በራሱ ደብተር ላይ ይሠራ። ቅድመ ዝግጅት ማለት የግድ ቪዲዮ ማየት አይደለም። ማንበብ የማይችሉ ጎልማሶችም ቢሆኑ ጎረቤት ጠይቀው፣ ማሳቸውን አይተው መምጣት ይችላሉ። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ማልኮም ኖውልስ ስለ ጎልማሶች ትምህርት ሲጽፍ ጎልማሳ ለምን እንደሚማር ማወቅ ይፈልጋል፣ ልምዱንም ይዞ ይመጣል ያለው ይህንኑ ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ ብዙ አልልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ያየን ነን። ቪዲዮው በፍላሽና በሚሞሪ ካርድም ይታደል፣ ጽሑፉም ታትሞ ይሰጥ።

ከሁሉም በላይ የማያስችለኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። አምስት ቀን የነበረው ሥልጠና «ቤታችሁ ታዩታላችሁ» ተብሎ ሦስት ቀን ሲሆን፣ የቀሩት ሁለት ቀናት የት ሄዱ? የሠልጣኙ ማታ ላይ ነው የተጫኑት። ከሥራ ወጥታ ልጆች ሰብስባ፣ እንጀራ ጋግራ፣ እራት አቅርባ የምትተኛ እናት መቼ ትየው? ከዚያ ሳታይ ስትመጣ «ሰነፍ» ትባላለች። ይሄ ግፍ ነው። የቅድመ ዝግጅቱ ሰዓት የሥራ ሰዓት ሆኖ ይቆጠር። አለቃዋ ግማሽ ቀን ይፍቀድላት፣ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ትየው።

አሠልጣኝ ወገኖቼም አንድ ነገር እንተው። ሳያዩ የመጡት ሲበዙ ደንግጠን ፓወር ፖይንቱን ከመጀመሪያው እንከፍታለን። ያኔ አይተው የመጡት «ምን አደከመኝ» ይላሉ፤ በሚቀጥለው ዙር እነሱም አያዩም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ከዚያ ይልቅ መጀመሪያ ላይ በወረቀት ሦስት አራት ጥያቄ እንስጥ። ያላዩት አዳራሹ ጥግ ላይ በተዘጋጀ ኮምፒውተር ይዩ፣ ሌሎቹ ልምምዱን ይጀምሩ። ጨርሰው ሲመጡ ይቀላቀሉ።

ሥልጠና ለምታዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ለሚቀጥለው ዙር የጥሪ ደብዳቤ ስትጽፉ አንድ ገጽ መጠይቅ አያይዙበት። ስንት ዓመት ሠርተዋል? ምን ዓይነት ስልክ አለዎት? በየትኛው ቋንቋ ይቀልልዎታል? መቼ ሰዓት ያገኛሉ? ሥራዎ ላይ በጣም የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው? ቪዲዮው መልሱ ከተነበበ በኋላ ይሠራ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎልማሶች አሠልጣኝ፣ ከጎንደር