የእምነት ነፃነት ዲፕሎማሲ ከቆንስላ ጽሕፈት ቤት ይጀምር

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ኃያላን መንግሥታት በሌሎች አገሮች የእምነት ነፃነት እንዲከበር የሚያደርጉትን ዲፕሎማሲያዊ ግፊት በተመለከተ በዚህ ዓምድ ሰሞኑን የቀረቡትን አስተያየቶች በጥሞና ተከታትያለሁ። አንዱ ወገን ግፊቱን ለተጨቆኑ አማንያን ብቸኛ መጠጊያ አድርጎ ሲያቀርበው፣ ሌላው ደግሞ የድሮው የሚሲዮናውያን ዘመቻ ልብሱን ለውጦ የመጣበት ነው ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ግን ዋሽንግተንና ብራስልስ ስለሚያደርጉት ብቻ ነው። አዲስ አበባ በዚህ ጉዳይ ምን መሥራት እንደምትችል፣ በተለይም በሰው አገር ተሰብስበው በመጸለያቸው ስለሚታሰሩ ዜጎቿ ማንን ምን ብላ መጠየቅ እንዳለባት ያነሣ አላየሁም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ስለዚህ ነው።

በቅድሚያ የሚወደሰውና የሚነቀፈው አሠራር ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስታውስ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣችው ዓለም አቀፍ የእምነት ነፃነት ሕግ ለዚሁ ሥራ የተለየ አምባሳደር እንዲሾም፣ የየአገሩ ሁኔታ በየዓመቱ በሪፖርት እንዲወጣና ጥሰቱ የከፋባቸው መንግሥታት «በልዩ ሁኔታ አሳሳቢ» ተብለው እንዲመዘገቡ ያዛል። የተመዘገበ መንግሥት ማዕቀብ ሊጣልበት ይችላል፤ ይሁንና ያው ሕግ የአገር ጥቅም የሚያስገድድ ሆኖ ሲገኝ ማዕቀቡ እንዲቀር ይፈቅዳል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2013 ለዲፕሎማቶቹ በዚሁ ጉዳይ መመሪያ አውጥቷል።

ሕጉ ምን ያህል እንደሚሠራ ለመመዘን በእኛው ሰዎች ላይ የደረሰውን ማየት ይበቃል። ሳዑዲ ዓረቢያ መዝገቡ ላይ የሰፈረችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ከሪያድ ጋር ከመከረች በኋላ፣ የሳዑዲ መንግሥት ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች በግል የሚያደርጉትን አምልኮ እንደሚጠብቅ ማረጋገጡን አስታወቀች፤ ማዕቀቡም ሳይጣል ቀረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ግን ጅዳ ውስጥ በአንድ የግል ቤት ተሰብስበው ይጸልዩ የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። የተሰጣቸው ምክንያት ያልተጋቡ ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ ተገኝታችኋል የሚል ሲሆን፣ ለወራት ከታሰሩ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ከአገር እንዲወጡ ተደርገዋል። ሂውማን ራይትስ ዎች ሴቶቹ በእስር ቤት ስለደረሰባቸው ውርደት የሰበሰበው ምስክርነት ለማንበብ የሚያሳፍር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በግል ቤት መጸለይ እንደማይከለከል የተሰጠው ቃል ነበር፤ ነገር ግን የተሰጠው ለአሜሪካ መንግሥት እንጂ ለእነዚህ ሰዎች መንግሥት አልነበረም። ፖሊስ ቤቱን በከበበ ሰዓት ከመካከላቸው አንዷ «ይህ እኮ የተፈቀደ ነው» ለማለት ብትፈልግ የትኛውን ሰነድ ልትጠቅስ፣ የትኛው ኤምባሲስ ያንን ሰነድ ይዞ ሊከራከርላት ይችል ነበር? የሌላ አገር ዲፕሎማሲ ያስገኘው ቃል የዚያ አገር ንብረት ነው፤ ሲፈልግ ያስፈጽመዋል፣ ሳይፈልግ ደግሞ በፋይል ውስጥ ያኖረዋል።

የኤርትራ ጉዳይ ደግሞ የመዝገቡን ሌላ ድክመት ያሳያል። አስመራ እ.ኤ.አ. በ2002 ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያንና ከሱኒ እስልምና በቀር ሌሎች የእምነት ተቋማትን ሁሉ ከሕጋዊ እውቅና ውጭ አደረገች፤ በ2004 «አሳሳቢ» ተባለች፤ በ2005 የጦር መሣሪያ ሽያጭ ተከለከለባት። መሣሪያ የምትሸምተው ከዋሽንግተን አልነበረምና ክልከላው ብዙም የሚያስጨንቃት አልሆነም። እውቅና ያላት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልተረፈችም፤ ፓትርያርኳ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ አንጦንዮስ እ.ኤ.አ. በ2006 ከመንበራቸው ተነሥተው፣ በቁም እስር እንዳሉ በየካቲት 2022 ዐረፉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የኤርትራ ስም ከመዝገቡ አልወጣም፤ እርሳቸውም ከግዞታቸው አልወጡም። እኛም ብንሆን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ከአስመራ ጋር ስንታረቅ የተፈረመው ባለ አምስት ነጥብ መግለጫ ስለ ንግድና ትራንስፖርት፣ ስለ ድንበርና ስለ ቀጣናው ሰላም ሲናገር በእምነታቸው ምክንያት ስለታሰሩት አንድም ቃል አልነበረውም። አስመራ ውስጥ በዚያ ሰሞን ከእኛ የበለጠ የሚደመጥ መንግሥት ነበር ብዬ አላምንም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ዲፕሎማሲ አይረባም ለማለት አይደለም። ቬትናምን ብንወስድ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመዘገበች በኋላ በቀጣዩ ዓመት ከአሜሪካ ጋር በጽሑፍ ተስማምታ እስረኞችን ፈታች፣ ተዘግተው የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት እንዲከፈቱ ፈቀደች፣ ሰዎችን በግድ እምነታቸውን ማስካድ ከለከለች፤ በኅዳር 2006ም ከመዝገቡ ወጣች። ሀኖይ በዚያን ጊዜ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ደጅ ትጠና ስለነበር የምትፈልገው ነገር ነበራት፤ ጠያቂውም ያውቀው ነበር። ቶሎ ነው የወጣችው ብለው የሚተቹ አሉ፤ ትችቱ ከእውነት የራቀ አይመስለኝም፤ የተፈቱት እስረኞች ግን ተፈትተዋል።

ከመተማ ማዶ የሆነውም ከዚህ ይቀርበናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የካርቱም ፍርድ ቤት እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ በሆነችው በሜሪያም ኢብራሂም ላይ «ከእስልምና ወጥታለች» ብሎ ሞት ፈረደ። እርሷ ግን በእናቷ እምነት ያደገች ክርስቲያን መሆኗን ተናግራ ልካድ አላለችም፤ ልጇንም በእስር ቤት ወለደች። ከብዙ መንግሥታት በመጣ ግፊት ፍርዱ ተሻረ፤ ከተፈታች በኋላም አገር እንዳትለቅ ስትከለከል አሜሪካ ኤምባሲ ውስጥ ተጠለለች፤ በመጨረሻም የጣሊያን ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ራሳቸው ይዘዋት በመንግሥት አውሮፕላን ሮም ገቡ። የታወቀ ስም፣ የታወቀ ጥያቄና ጉዳዩን እስከ አውሮፕላኑ ደጃፍ የሚከታተል ባለሥልጣን ሲገናኙ ሥራው ይሠራል። ሱዳን ራሷ በ2020 እምነቱን የለወጠ ይሙት የሚለውን ሕጓን ሽራዋለች።

ይህ የሀብታም አገሮች ሥራ ነው የሚለኝ አንባቢ ቢኖር፣ ሕዝቧ ከሦስት ሚሊዮን የማይበልጠውን ጋምቢያን እጠቅስለታለሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በሮሂንጋ ሙስሊሞች ላይ ስለተፈጸመው ግፍ ምያንማርን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የከሰሰችው እርሷ ናት፤ ፍርድ ቤቱም በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ጊዜያዊ የጥበቃ ትእዛዝ ሰጥቷል።

የጎንደር ሰው ስለ እምነቱ ሊሟገትለት የመጣ የውጭ መልእክተኛን በጥርጣሬ ቢያይ ምክንያት አለው። ከከተማችን ብዙም በማይርቀው ደንቀዝ፣ ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1626 በካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መገዛታቸውን አረጋገጡ። ፓትርያርኩ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ክህነታቸውን እንደገና እንዲቀበሉ አዘዘ፤ አገሩም በደም ታጠበ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡን ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አባረው በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የየመን ኢማም መልእክተኛ አልሐይሚ እዚሁ ከተማ ደርሶ ነበር፤ ኢማሙ የንጉሡን መስለም ተስፋ ሲያደርግ ንጉሡ የሚፈልጉት የንግድ መንገድ ነበርና ሁለቱም ያሰቡትን ሳያገኙ ቀሩ። የራሱን ሃይማኖት በሻንጣው ይዞ ለሚመጣ መልእክተኛ ስለ ነፃነት የሚያወራው ሁሉ አይታመንለትም፤ ዛሬም ለክርስቲያን ብቻ ወይም ለሙስሊም ብቻ የሚጮህ ኤምባሲ የሚገጥመው ይኸው ነው።

ስለ ሌላው አገር አማንያን መጠየቅ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በግብፅ የምጥማቅ ገዳም መፍረሱን ሰምተው እ.ኤ.አ. በ1443 ለሱልጣን ጃቅማቅ ደብዳቤ ጽፈዋል። በግዛታቸው ያሉ ሙስሊሞች በሰላም እንደሚኖሩ ጠቅሰው ለግብፅ ክርስቲያኖችም እንዲሁ እንዲደረግላቸው ጠየቁ፤ የዓባይን ውኃ ማስታወስም አልዘነጉም። ሱልጣኑ ገዳሙ እንዲታደስ አልፈቀደም። ከደብዳቤው ውስጥ ዛሬም የሚጠቅመን ዛቻው ሳይሆን የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ጠያቂው የራሱን ቤት ለምስክርነት ያቀረበበት።

የእኛ ቤት ምስክርነት ምን ይመስላል? ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በአንድ የሙስሊም ሼህ ቀብር ላይ በተነሣው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታውቋል፤ በቀናት ውስጥም በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ ሲጠይቁ ጉዳዩ የውስጥ ጉዳያችን ነው ያሉ አልጠፉም። አልስማማም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1948 ለሁለንተናዊው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ድጋፏን ከሰጡ 48 አገሮች አንዷ ናት፤ የመግለጫው አንቀጽ 18 እና የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 27 የሚጠብቁት አንድ ዓይነት ነፃነት ነው። ጅዳ ላይ የምንጠይቀውን ጥያቄ ሌላው ጎንደር ላይ ሲጠይቀን በሩን ከዘጋን፣ ሪያድም የምትሰጠን መልስ ያው ይሆናል።

ስለዚህ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የማቀርበው ጥያቄ ሰፊ አይደለም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ሲኖር እንደሆነ ይደነግጋል። እነዚህ ስምምነቶች ሲፈረሙም ሆነ ሲታደሱ ሠራተኛዋ በመኖሪያዋ መጸለይ እንደምትችል፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ወይም ቁርአኗን መያዝ፣ ማተቧን ማሰር ወይም ሂጃቧን መልበስ፣ ጾሟን መጾም እንደማትከለከል፣ እምነቷን እንድትለውጥ እንደማትገደድና ብትሞት በእምነቷ ሥርዓት እንድትቀበር ወይም አስከሬኗ ወደ አገሯ እንዲላክ በግልጽ ቃል ይጻፍ። ዛሬ አረብ አገሮች ሠራተኞቻችንን ይፈልጋሉ፤ ሀኖይ ንግዱን የፈለገችውን ያህል መሆኑን አላውቅም፤ አይፈልጉንም ማለት ግን አንችልም፤ የሚደራደር ሰው ደግሞ የሚጠይቀው በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ቃሉ በእኛ ስምምነት ውስጥ ከሰፈረ፣ ሲጣስ የሚከራከረው የእኛው ኤምባሲ ይሆናል።

በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የታሰረ ዜጋ ቆንስላው እንዲነገርለትና እንዲጎበኘው መብት ይሰጠዋል። በየቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን የሚያዙ የእስረኞች መዝገቦች ሰዎች የታሰሩበትን ምክንያት ሲመዘግቡ፣ ክሱ «መቀላቀል» (ያልተጋቡ ወንዶችና ሴቶች አብረው መገኘት) ወይም «የመኖሪያ ፈቃድ» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ በአምልኮ ላይ ሳሉ የተያዙትን ለይተው ይያዙ። ቁጥሩም በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ግንኙነት ቋሚ ኮሚቴ ይቅረብ፤ ስማቸው ለደኅንነታቸው ሲባል ሊሰወር ይችላል፤ ስንቱ እንደተጎበኘና ስንቱ እንደተፈታ ግን ሊሰወር አይገባም።

ከአክብሮት ጋር፣
በታሪክ መምህርነት ያገለገሉ አንባቢያችሁ
ጎንደር