አባዬ፣ ስለ ሬዲዮው ነው

አባዬ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይሄን በትልቅ ፊደል ፕሪንት አርጎ እንዲሰጥህ ለባቢ በቴሌግራም ልኬለታለሁ፣ እንዳታነበው ብዬዋለሁ ግን ማንበቡ አይቀርም ያው ታውቀዋለህ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። ስልክ ላይ "ኔትወርኩ አያሰማም" ትላለህ፣ ከዛ እሺ እሺ ብለህ ለባቢ ትሰጠዋለህ፣ እሱ ደሞ ደህና ነው ደህና ነው ብሎ ይዘጋብኛል። ድሮም የቤቱ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፣ ልጻፍ አልኩ።

መጀመሪያ የሬዲዮው ነገር። ቴክሱኑን ዝዝ ይላል፣ ጣቢያ አያሰማም ብለህ ለሦስተኛ ጊዜ መርካቶ ሠሪው ጋ ወስደኸው "ምንም የለውም" ብሎ መልሶልሃል፣ አንተ ደሞ የዛሬ ልጆች ስለ ሾርት ዌቭ ምን ያውቃሉ ብለህ ተናደህ ወጥተሃል አሉ። አባዬ ልጁ ልክ ነው። ሬዲዮው ምንም የለውም። እባክህ ከዚህ በኋላ ብር እንዳታወጣበት።

ሬዲዮው ባይሆንም ግን ዝም ብለህ አትናደድም፣ ምክንያት አለህ። አምና መጋቢት የአሜሪካ ድምፅ ድንገት ጸጥ ሲል ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ስትቀያይር ውለህ አድረህ፣ እኔ ነኝ ደውዬ አባዬ ጣቢያው ነው የተዘጋው፣ ሠራተኞቹን ከሥራ አግደዋቸዋል ያልኩህ። ያን ቀን "መጋቢት ለሾርት ዌቭ ክፉ ወር ነው" አልከኝ። ቁጭ ብዬ ሳስበው እውነትህን ነው። ደርግ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን የወረሰው መጋቢት 1969 ነው፣ የጀርመን ድምፅ የኪጋሊ ማሰራጫውን የዘጋው መጋቢት 2007፣ የአሜሪካው ደሞ መጋቢት 2017። ግን እኮ የጀርመኖቹ አማርኛ ክፍል ራሱ የተከፈተው መጋቢት 1957 ነው ብዬህ ነበር፣ መልስ አልሰጠኸኝም። የሚያፈርስብህን ነገር ስለማትወድ ነው ብዬ ሳቅኩ ያኔ። አሁን ሳስበው አልሰማኸኝም ይሆናል።

የፀሐይ ጉዳይም አይደለም። ፀሐይ በ11 ዓመት አንዴ ትፈላለች፣ ያኔ ትንንሾቹ ሜትሮች፣ አጫጭሮቹ ሞገዶች ማለት ነው፣ ይከፈታሉ፣ ስትቀዘቅዝ ይዘጋሉ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አሁን ገና ፈልታ መመለሷ ነው፣ ድሮ ቢሆን በ13 እና በ16 ሜትር ዓለምን ቀን በቀን የምትለቅምበት ጊዜ ነበር።

ጩኸቱ ግን የኔ ጥፋት ነው። ቆጣሪ ይቀንሳል ብዬ የላኩልህ ኤልኢዲ አምፖሎች ናቸው። በውስጣቸው ያለችው ትንሽዬ ሰርኪት ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠች ነው የምትሠራው፣ ያቺው ናት ሬዲዮው ላይ ዝዝዝዝ የምትለው። የባቢ ርካሽ ቻርጀርም እንደዛው። ጎረቤት ያለውን ደሞ እግዜር ይቁጠረው። በ2002 የአሜሪካ ድምፅ ሞገድ ሆን ተብሎ ሲታፈን እንኳን ከጣቢያው ትንሽ ገፋ አርገህ ጠርዙን ይዘህ ትሰማ ነበር፣ ለአምፖል ግን ጠርዝ የለውም፣ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚሸፍነው።

በድሮው ሬዲዮ፣ በፊሊፕሱ ጊዜ ጅማ ውስጥ ምን ነበር የሚረብሸን? መብረቅ ብቻ። ክረምት ማታ ማታ ጅሬን በኩል ሲያጉረመርም ገና ሳይዘንብ እኛ በሬዲዮው እናውቅ ነበር፣ ቿ ቿ ይላል፣ እማዬ ልብስ ታስገባለች። የአንቴናው ሽቦ ከመስኮቱ እስከ አቮካዶው ድረስ፣ ከተቃጠለ ሞተር የፈታኸው መዳብ። መሬት ውስጥ የተቀበረው የሬዲዮው ብረት ደሞ በጋ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ድምፁ ይሻክራል ብለህ በየማታው አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ የኔ ሥራ ነበር። እማዬ ነፍሷን ይማረውና "ለሰው በጀሪካን እየተገዛ እናንተ ብረት ታጠጣላችሁ" እያለች። መብራት ሲጠፋ ያለቀውን ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሙቀን ሌላ ሁለት ማታ እናወጣበት ነበር። የመርፌዋ ክር ሲበጠስ በዓሣ ማጥመጃ ክር የተካሃት ትዝ ይለኛል፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ጣቢያ አንድ ጣት ወደ ግራ ሄደና መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጥፈህ በእርሳስ እንደገና ጻፍከው። "ቀን ትንሹ ሜትር ማታ ትልቁ" የሚለውን ከማባዣ ሠንጠረዥ በፊት ነው የሸመደድኩት።

1986 ክረምት ደሞ ብራዚል ቡና ላይ ውርጭ ወረደ ሲል ከቢቢሲ ሰምተህ ጠዋት መጋዘን ሄደህ ስትነግራቸው ሳቁብህ። የብራዚል ብርድ ጅማ ምን አገባው ብለው። ዋጋው ሲሰቀል ግን እስከ ሂርማታ ድረስ ስምህ ወጣ፣ ነጋዴው ሁሉ ማታ ማታ እየመጣ ደጃችን ላይ ይቀመጥ ጀመር። ዜና ሲጀምር መዳፍህን እንዲህ ታነሳለህ፣ ቤቱ ቀጥ። ሕፃን አያለቅስም፣ ሲኒ አይንኳኳም። ያን መዳፍ እንዴት እንደምፈራው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ሚጣ የፊት ጥርሷ ወልቆ "አባባ ጋ ሄጄ ጣራው ላይ ካልጣልኩት" ብላ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ማሙሽ አሁን አምስተኛ ክፍል ነው፣ ሒሳቡ ጥሩ ነው እንግሊዝኛው ከኔ ይበልጣል፣ ብቻ ከስልክ ላይ አይነሳም። ሆላንድ ውስጥ ትዌንተ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አንድ የሬዲዮ መቀበያ ከነአንቴናው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፣ በ2000 የተጀመረ ነው፣ ማንም ሰው ካለበት ሆኖ እያዞረ ይሰማበታል፣ ብዙ ሰው ባንዴ ገብቶ ሁሉም የየራሱን ጣቢያ ይይዛል። እሱን አሳየሁት። ድምፁ ብቻ አይደለም፣ ጣቢያው ሁሉ ስክሪኑ ላይ እንደ ፏፏቴ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠንካራው ወፍራም መስመር ነው ደካማው ቀጭን። ማሙሽ አየት አርጎ "ይሄ ለአባባ ጥሩ ነው፣ በዓይኑ ይሰማል" አለኝ። ለምን እንደዛ እንዳለ አልጠየቅኩትም። ባለቤቴም ሰላም ብሎሃል፣ ያ የጀመረው ቤት ገና አላለቀም፣ ቆርቆሮ ተወዷል።

ባቢ ስለ ባጃጁ ነግሮኛል። እንዳትቆጣው፣ እኔ ነኝ አውጣ ብዬ የያዝኩት። ፈረንጅ አራዳ ጋ ከኋላህ ጥሩንባ ሲነፋ ሲነፋ አልዞርክም፣ ሰው ነው በእጁ የሳበህ። አንተ ለባቢ "ሐሳብ ላይ ነበርኩ" አልከው። እሺ ሐሳብ ላይ ነበርክ።

ከዛ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ሌላ ሌላ ነገር ሁሉ እየመጣብኝ ነው፣ ከ28 ዓመት በፊት የሆነው ሳይቀር። አሁን ልናገረው አባዬ፣ ካልተናገርኩት ሌላውን መናገር አልችልም።

እንዴት እንደሰማናቸው ለጣቢያዎቹ የምንልከውን ሪፖርት ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛው የኔ ስሙ ያንተ። ሲንፖ የምትሏትን አምስት ቁጥር፣ ጥንካሬው ስንት፣ ሌላ ጣቢያ ይረብሸዋል ወይ፣ ጩኸቱ፣ መዋዠቁ፣ ጠቅላላው፣ አንተ በጣትህ ታሳየኛለህ እኔ እጽፋለሁ። ከሞስኮ፣ ከሆላንድ፣ ከጃፓን በትክክል ሰምታችሁናል የሚል ካርድ ሲመጣ ከፖስታ ቤት እስከ ቤት ሮጬ ነበር የማመጣልህ። ደስ ይለኝ ነበር፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም።

1990 በጋ ላይ ግን አንተ ለሥራ አጋሮ ሄደህ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳሁ። ጎህ ሊቀድ ሲል ሩቅ አገር ይገባል ብለኸኝ ስለነበር። 31 ሜትር ላይ እያዞርኩ፣ መርፌዋን በጥፍሬ እየገፋሁ፣ ኪቶ ኢኳዶር ኤችሲጄቢን ያዝኩ። አንተ ስንት ዓመት የፈለግከውን ጣቢያ! ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጻፍኩ፣ ከዛ ነጋና ጠፋ። ያን ሪፖርት በራሴ ስም ላኩት። የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው። ከስንት ወር በኋላ ካርዱ መጣ፣ ባንድ ፊቱ ተራራ በሌላው ፊቱ ስሜ በታይፕ ተጽፎ።

አንተ አልበምህ ላይ በሙጫ ለጠፍካት፣ ስሜ ወደ ታች ሆኖ። የአክስቴ ባል ሲመጣ ደሞ አልበሙን ገልጠህ "ይቺን በሌሊት ተነስቼ ነው የያዝኳት" አልከው። እኔ ቡና እየቀዳሁ ነበር። ምንም አላልኩም፣ አንተም ወደኔ አላየህም። ላንተ ያንተና የኔ የሚባል ነገር አልነበረም ይሆናል፣ ሬዲዮው ያንተ፣ ሽቦው ያንተ፣ ድንጋዩንም የገዛኸው አንተ። ጆሮው ግን የኔ ነበር አባዬ።

የካርዷን ጠርዝ የበላው ደሞ አይጥ አይደለም። ለእማዬ ሙት ዓመት የመጣሁ ጊዜ ሌሊት ላላቅቃት ሞክሬ የቀደድኳት እኔ ነኝ። አንተ የአይጥ መርዝ ገዝተህ በየጥጉ ስታስቀምጥ ዝም ብዬ አየሁህ። ተቆጥቼም ነበር፣ አፍሬም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። ለመስቀል የመጣን ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ቆጣሪውን አጥፍተን ሻማ አብርተን የጀርመን ድምፅን ከፈትንልህ፣ ትዝ ይልሃል? ዝዝታው ወዲያው ጠፋ። ማሙሽና ሚጣ ደሞ በርጩማው ላይ ካልተቀመጥኩ እያሉ ይጯጯሁ ነበር፣ ዜና እየተነበበ። እኔ መዳፍህን ጠበቅኩ። አላነሳህም። ቀና ስል ሬዲዮውን ሳይሆን የኔን አፍ ነው የምታየው፣ እኔ ስስቅ ፈገግ ትላለህ፣ እኔ ፊቴን ስቋጥር አንተም። ከዛ "ጣቢያው ዛሬ ደክሟል" አልከኝ። እኔም "አዎ አባዬ፣ ደክሟል" አልኩህ።

ዋሽቼህ ነው። አልደከመም ነበር። አንባቢዋ ትንፋሽ ስትወስድ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር፣ ባስተማርከኝ ቁጥር 45444 እሰጠው ነበር።

ጆሮህ ነው አባዬ። አምፖሉም አለ፣ የተዘጋውም ጣቢያ አለ፣ ግን ጆሮህም ነው። ያማከርኳት ሐኪም እንዳለችኝ በዕድሜ ቀድመው የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፣ ስ፣ ሽ፣ ፍ የሚሉት፣ ለዛ ነው ሰው ሲናገር እየሰማህ ምን እንዳለ የማይለይህ፣ ለዛ ነው ድምፅ ብትጨምርም ጎረቤት ከመረበሽ ሌላ የማይጠቅምህ። ደሞ ኩክ ብቻም ሊሆን ይችላል፣ አይተው ያጥቡታል አለቀ። ካልሆነ መስሚያ አለ፣ እንደ ድሮው የሚያስጠላ አይደለም፣ ከጆሮ ኋላ ነው የሚገባው፣ ብዙም አይታይም። ሒሳቡን እንዳታነሳብኝ።

ጥር 12 በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን፣ ባቢ ተራ ይዟል። ሰው ያየኛል ምናምን የለም። ጋቢህን ልበስ ብርድ ነው።

እስከዛ ያቺ ጎረቤት የምትልህን ሰምተህ ጤና አዳም ጨምቀህ ጆሮህ ውስጥ እንዳታደርግ፣ የሞቀ ዘይትም። አምፖሉን የሳሎኑን ብቻ ንቀለው፣ የደረጃውን ተወው እንዳትወድቅ። መንገድ ስትሻገር ከሰው ጋር ተሻገር። ብረቱን ባቢ ያጠጣዋል። አልበሙን አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጥልኝ፣ ካርዷን አልነቅልም፣ ማሙሽ ልይ ስላለ ነው።

ልጅህ