ቦረቦሩን እናቴ አልቆፈረችውም፤ ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ለእናቴ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ እንዲነሳና ጎርፉ ከማሳዋ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ጉዳዩን ያውቁታል፤ ከዘመቻ ቦይ የወረደ ጎርፍ የእናቴን ማሳ ቆፍሮ ስለከፈተው ቦረቦር ነው። ማመልከቻችን መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቀበሌ ስንሄድ ወረዳ ጠይቁ ተባልን። ወረዳ ስንመጣ በቀበሌ በኩል ይምጣ ተባልን። ባለሙያ ይላካል ስላላችሁን ባለሙያ ጠበቅን። በመጨረሻ ከቢሮዎ የመጣው ባለሙያ ሳይሆን ለእናቴ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ይዞታዎን በአግባቡ ባለመንከባከብዎ መሬቱ ተጎድቷል፣ አስፈላጊውን ጥበቃ ካላደረጉ በሕግ ይጠየቃሉ ይላል። ፊርማና ማኅተም አለው።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መሬቴን ሊወስዱት ነው?» ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ስለዚህ ነገሩን በአደባባይ መናገር ግድ ሆነብኝ።

ያ ቦረቦር እንዴት እንደተከፈተ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥር የተፋሰስ ልማት ዘመቻ፣ ከእርሻችን በላይ ያለው ተራራ ወገብ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፈረ። ሥራው በራሱ ክፋት የለውም። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ማሳ ላይ ሳይደርስ ጠልፎ ወደ ጎን ይወስደዋል። ግን የተጠለፈ ውሃ መድረሻ ይፈልጋል። ውሃውን የሚረከበው ማፋሰሻ ቀድሞ ይሠራል። ሣር ይተከልበታል። ሣሩ ሥር ሰዶ መሬቱን እስኪይዝ ይጠበቃል። ውሃ የሚለቀቅበት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የሙያው ሀሁ ነው፤ ዲኤዎቻችሁም፣ የቀበሌ የልማት ሠራተኞቹ፣ ያውቁታል።

እኛ ጋ ማፋሰሻው አልተሠራም። የቦዩ አፍ እናቴ የጤፍ ማሳ ራስ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለምን እዚያ ቆመ? የዘመቻው ቀን ስላለቀ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ሽማግሌዎች በቦታው ቆመው «ይሄ ውሃ የት ሊገባ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ለከርሞ ይቀጥላል ተባሉ። ከርሞ ሲደርስ ዘመቻው ወደ ሌላ ተፋሰስ ሄደ።

ሐምሌ ላይ የተራራው ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ በዚያ አፍ ወረደ። መጀመሪያ በጤፉ መሃል ቀጭን መስመር አወጣ። መስከረም ሲጠባ ጥልቀቱ ሰው ወገብ ደርሶ ነበር። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጥጃ ገብቶበት በገመድ ጎትተን አወጣነው። ማሳው ለሁለት ተከፍሏል። ጠርዙ በየዝናቡ ይናዳል። አንደኛው ወገን በሬ የሚዞርበት ስፋት እንኳን ስላልቀረው ጦም አድሯል። የመሬት ይዞታ ደብተሯ ላይ ያለው ስፋት ግን ስላልተቀነሰ፣ ቦረቦሩ ለበላው መሬት ዛሬም ግብር ትከፍላለች።

አንድ ነገር በደንብ እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። እናቴ ለዚያ ቦይ ድንጋይ ተሸክማለች። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ለዘመቻ የምትወጣው እሷ ናት፤ መቅረት ያስቀጣል። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ስሟ ሲጠራ አቤት ብላ፣ ቁፋሮው ላይ ውላ፣ ማታ ወገቧን ይዛ ትገባ ነበር። ለልማት ነው ብላችኋት አምናችኋለች። የናንተን ዕቅድ፣ በናንተ ቅየሳ፣ በጉልበቷ ሠራች። ውሃው መሬቷን ሲወስድ ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች። ይህን ማን ፈረደ? ማሳውን ማን አየው? እኔ እስከማውቀው ማስጠንቀቂያው ከመጻፉ በፊት ከቢሮዎ አንድም ሰው ቦታው ላይ አልቆመም።

ማስጠንቀቂያው አንቀጽ አይጠቅስም። እኔ ልጥቀስ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የገጠር መሬት አዋጅ 456፣ ዛሬ በሌላ ቢተካም፣ ባለይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ አለበት ይል ነበር። እውነት ነው። መሬቱ ከተጎዳ የመጠቀም መብቱን ያጣል ማለቱም እውነት ነው። ያው አዋጅ ግን ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ይከለክል ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው የሚታረሰው የጠረጴዛ እርከን፣ ማለትም ተዳፋቱን በደረጃ ሜዳ የሚያደርግ እርከን፣ ከተሠራበት ብቻ ነበር። የተቦረቦረ መሬት ደግሞ በባለይዞታው፣ በአዋሳኞቹና በአካባቢው ሕዝብ እንዲያገግም ይደረጋል ይል ነበር። አንዲት መበለት ብቻዋን ትድፈነው አላለም። ከቦዩ በላይ ያለው ተራራ እስከ አናቱ ታርሷል፤ የተረፈው ልቅ ግጦሽ ነው። ለዚያ ተራራ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው አለ?

የአፈር ጥበቃ ሥራ ይቅር እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ከልቤ የምፈልገው ሥራ ነው። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ጎጃም አንጀኒ፣ ወሎ ማይባር፣ ሸዋ አንዲት ጥድ ላይ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር ለዓመታት ሲለካ ነበር። ፕሮጀክቱን የመሩት ሃንስ ሁርኒ ከደጋው የእርሻ መሬት በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው እርከን አይቃወምም። ግን ደረቅ አገር የሚሠራው እርከን ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ላይ እንዳለ አይገለበጥም። እዚያ ውሃው ባለበት እንዲሰርግ ይያዛል። እዚህ ትርፉ ውሃ በዝግታ የሚወጣበት መንገድ ይፈልጋል። መውጫ ከሌለው እርከኑን ጥሶ ይሄዳል፤ የጣሰበት ቦታ ቦረቦር ይሆናል።

ሕዝቡን መስማትም አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ፣ መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ቦታ ፈርሷል። አባቴ ስለዚያ ሲያወራ እርከኑ መሬት አጠበበብን፣ አይጥ አራባብን ይል ነበር። የጠየቀው ሰው አልነበረም። ግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ባወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ ዕቅዱ ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲወጣ የጻፈው እንዲህ ያለውን ታሪክ ስለሚያውቅ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ግን የውሃውን መንገድ እየጠቆሙ ሰሚ አጡ። ያ ቦይ በወረዳው ሪፖርት ላይ በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ገብቷል። ሰው ተሰልፎ ሲቆፍር የሚያሳይ ፎቶም ተለጥፏል። ክረምት ካለፈ በኋላ ቦዩ ምን አደረገ ብሎ የመጣ ግን የለም።

አሁን መጋቢት ነው። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዝናቡ ሳይገባ የቦዩ አፍ ይዘጋና ውሃው ከማሳው ይመለስ። በምዕራብ በኩል ድንጋያማና ሣር የለበሰ የድሮ መውረጃ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ያሳዩአችኋል። ባለሙያ መጥቶ ይቀይሰው፣ ውሃ ይችል እንደሆነ ይመልከት። ቦረቦሩ ውስጥ ከላይ ጀምሮ ውሃውን የሚያዘገይ ክትር ይሠራ፤ ለቦረቦሩ አናት ጋቢዮን፣ ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን፣ ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ መንደሩ መግዛት አይችልም። ድንጋዩን እኛ እናቀርባለን። ጉልበትም አለ። የጠፋው መሬት ይለካና ግብሩ ይስተካከል።

ከሁሉ በፊት ግን ማስጠንቀቂያው ይነሳ። በቃል እንዳይሆን። በጽሑፍ፣ በዚያው ማኅተም፣ በእናቴ ስም። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ የሚል ወረቀት ከደብተሯ ጋር እንዲቀመጥ እንፈልጋለን፤ ነገ እርስዎ ተዛውረው ሌላ ኃላፊ ሲመጣ ያንን የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ አንብቦ መሬቷን እንዳይነጥቃት።

ከሰላምታ ጋር፣
ልጇ

ግልባጭ፦
ለዞኑ ግብርና መምሪያ
ለወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለቀበሌው አስተዳደር