ተክል የሚገድለው ብርድ ብቻ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በረዶ በሚጥልበት አገር ጓሮ ስለማልማት በተጻፈ ቁጥር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ብርድ የሚችል ተክል ምረጡ»። እሺ፣ ልክ ነው። ግን ይህቺ ምክር ብቻዋን ስትሆን ብዙ ሰው ታከስራለች። ሰው አምኖ ይገዛል፣ ይተክላል፣ በረዶው ሲሄድ የደረቀ እንጨት ይጠብቀዋል፣ ከዚያ «እዚህ አበባ አይሆንም» ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ይሄ ያንገበግበኛል። ብዙ ጊዜ ተክሉን የጨረሰው ቅዝቃዜው ራሱ አይደለማ!

በመጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እናንሳ። ብዙ ችግኞች ላይ የሚለጠፈው የ«ዞን» ቁጥር የሚመነጨው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ ካወጣው ካርታ ነው። ዛሬ 13 ዞኖች አሉት፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርዱ ይከፋል። ለምሳሌ ዞን 5 ሲባል፣ የየዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። በአማካይ! እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰው ካርታ የ30 ዓመት መረጃ ተደምሮ የወጣ ነው። አማካይ ከሆነ ደግሞ ከዚያ የባሰ ብርድ የሚመጣባቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ ብዙ ዓመት እንዲቆይላችሁ የምትፈልጉትን ዛፍ፣ ከአካባቢያችሁ ዞን በአንድ ዝቅ ያለውን ብትመርጡ ይሻላል ባይ ነኝ። ካርታው ስለ ንፋስ፣ ስለ አፈሩ እርጥበትና በረዶ መሬቱን ይሸፍን አይሸፍን እንደሆነ ምንም አይነግራችሁም።

ዋናው ጣጣ ያለውም እዚያ ላይ ነው። መሬቱ ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ተመልሶ በብርድ ይረጋል፣ በረዶ ይሆናል። አፈር ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ያብጣል፣ ሲያብጥ ደግሞ ሥር ያልሰደደውን ችግኝ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ ይገፋዋል። በመጨረሻ ግማሽ ሥሩ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ጉዝጓዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ መሬቱን ለማሞቅ ሳይሆን እንደቀዘቀዘ ለማቆየት። ስለዚህ የደረቀ ቅጠሉን ወይም ገለባውን መሬቱ ከረጋ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሱት። ቀድማችሁ ከጎዘጎዛችሁ አይጥ ቤቱን ይሠራበታል፣ ከግንዱ ጋር ካስጠጋችሁት ደግሞ ቅርፊቱን ዙሪያውን ይግጠዋል፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ አይተርፍም ማለት ይቻላል። በረዶ ሲከመርባቸውም አትደንግጡ፣ ለሥሩ እንደ ጋቢ ነው። ከመንገድ የተጠረገውን ጨው ያለበትን ግን አታስጠጉ።

ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆኑት፣ እነ ጥድ፣ ሌላ ችግር አለባቸው። ፀሐይና ንፋስ ከቅጠላቸው ውሃ ይመጥጣል፣ ሥራቸው ግን በብርድ ረግቶ ድንጋይ ከሆነ አፈር ምንም መጠጣት አይችልም። ቡናማ ሆነው ስታዩአቸው ብርድ መታቸው ትላላችሁ እንጂ የሞቱት በጥም ነው። መሬቱ እስኪረጋ ድረስ ጠጥተው ይግቡ፣ በተለይ አዲስ የተተከሉት። ላቬንደር የምትባለው መዓዛማ ተክል ደግሞ ተቃራኒዋ ናት፤ ከብርዱ ይልቅ በበረዶ ወራት ውሃ የሚቋጥር አፈር ነው የሚያበሰብሳት፣ ስለዚህ ከፍ ያለና ውሃ የሚያሳልፍ ቦታ ፈልጉላት።

በማሰሮ የምትተክሉ፣ ሥር ከቅርንጫፍ ይልቅ ብርድ ይፈራል፣ ማሰሮ ውስጥ ደግሞ ዙሪያውን የሚከልለው መሬት የለም። ከዞናችሁ በሁለት ዝቅ ያለ ተክል ምረጡ፣ ካልሆነ ማሰሮውን መሬት ውስጥ ቅበሩት።

ብዙ ሰው «ሀይድራንጃዬ ቅጠል ብቻ ሆነች» ይላል። ትልልቅ ክብ አበባ ያላት፣ ሰማያዊና ሮዝ የምትሆነዋ፣ የዘንድሮን እምቡጥ የቋጠረችው አምና ባደገው እንጨት ላይ ነው። ብርዱ እምቡጡን ሲገድለው ሥሯ ተርፎ ቅጠል ታወጣለች፣ አበባ ግን የለም። ማዳበሪያ ብታፈሱባት ለውጥ የለውም። ፓኒኩላታ የሚባለው ዓይነት ግን በዚያው ዓመት በሚያድገው እንጨት ላይ ስለሚያብብ ዞን 3 ድረስ ይችላል። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ያላችሁ እሷን ግዙ፣ አትድከሙ።

ሙቀቱ ሊያልቅ ሲል ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ አትጨምሩ፣ አትግረዙም። ለጋ ቀንበጥ ያወጣና ሳይጠነክር ውርጭ ይመታዋል።

ደግሞ በረዶው እንደቀለጠ ደረቀ ብላችሁ አትንቀሉ። ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ትንሽ ፋቅ አድርጉት። ከቅርፊቱ በታች ያለው አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ ፋቁ፤ አረንጓዴ ያገኛችሁበት ቦታ ላይ ቁረጡና ተዉት። ዘግይተው የሚነቁ አሉ፣ ሌላው ሁሉ ለምልሞ እነሱ ገና ተኝተው ሊሆን ይችላል።

እባካችሁ ስለ አትክልት ስታወጡ የሚተከለውን ስም ብቻ አትዘርዝሩልን። መቼ እንደሚጎዘጎዝ፣ መቼ ውሃ እንደሚቆም፣ አበባው በአዲሱ ወይስ ባምናው እንጨት ላይ እንደሚወጣ ጨምራችሁ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ