ለግብርና ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ፦ የጌጥ ዓሣ ከባልዲ ወደ ወንዝ እንዳይገባ

ይድረስ ለግብርና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እና ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር

ክቡራን፣

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቤት ሊቀይር ነው እንበል። የመስታወት ገንዳው ከባድ ነው፤ አዲሱ ቤት ጠባብ ነው፤ ሲገዛ ከጣት የማይበልጠው ጎልድፊሽ መዳፍ አክሏል። የሚወስደው ሰው አልተገኘም፤ መግደሉም ያሳዝናል። ስለዚህ በባልዲ ተይዞ ሰፈሩ አጠገብ ካለው ወንዝ ይለቀቃል፤ «ነፍስ ነው፣ ይኑርበት» ተብሎ። ከርኅራኄ የመጣ ሥራ ነው። ጉዳቱ ግን ሆነ ተብሎ ከሚደረግ ጥፋት አያንስም። የጌጥ ዓሣ የምናረባ፣ የምንሸጥና የውሃ ውስጥ ሕይወትን በሙያ የምንከታተል ሰዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ለዚያ ባልዲ ሌላ ማራገፊያ እንዲኖረው ነው።

ያ ዓሣ የት እንደሚደርስ እንከተለው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውሃ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ቆቃ ሐይቅን ይሞላል። «የአዲስ አበባ ወንዞች ቆሻሻ ናቸው፣ ዓሣ አይኖርባቸውም» የሚለው መጽናኛ ለብዙ ዓሦች ይሠራል፤ ለጎልድፊሽ ግን አይሠራም። ኦክስጅን ሲያልቅበት ሰውነቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ ያስወጣዋል፤ ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ውሃ እሱ ይቆያል። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጎርፉ ራሱ ጠርጎ ወደ ታች ያደርሰዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሚለቀቁት ዓሦች አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ቅዝቃዜው፣ ረሃቡ፣ ወፉም አይምራቸውም። አደጋው ያለው ከሞት በሚተርፉት ጥቂቶች ላይ ነው። ስለ እነዚህ «አንድ ዓሣ ብቻውን ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ጋፒ የምትባለውን ትንሽ የጌጥ ዓሣ እንይ። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፤ በየወሩ ገደማ እስከ 50 የሚደርሱ ግልገሎችን። ከወንዱ የተቀበለችውን ዘር ለወራት በሆዷ ማቆየት ስለምትችል፣ ከሱቅ የወጣች አንዲት እንስት ወንድ ባይኖርም ደጋግማ ትወልዳለች። አንድ ባልዲ፣ አንዲት ዓሣ፣ አዲስ ዝርያ በአንድ ኩሬ።

«መስታወት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጠው ፕሌኮ ሌላው ነው። ሲሸጥ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲያድግ 40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ገንዳው ሲጠበው የሚጣለውም እሱ ነው። አየር ከውሃው ላይ ጎርሶ በሆዱ ይተነፍሳል፤ ቆዳው እንደ ጥሩር ነው፤ ክንፎቹ እሾህ አላቸው። እንቁላሉን ለመጣል የወንዝ ዳር አፈር ሰርስሮ እስከ አንድ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሜክሲኮ ውስጥ ኢንፊየርኒዮ በሚባለው ግድብ ሐይቅ ከተራባ በኋላ የአጥማጆቹ መረብ በአብዛኛው እሱን ብቻ ያወጣ ጀመር፤ እሾሁም መረቡን ይቀዳድደዋል። ከቆቃ በታች ያለው ሞቃታማ አዋሽ ለዚህ ዓሣ የሚመች ነው። የወንጂ እርሻ የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው፤ የአፈር ቦይ ዳሩ ተቦርቡሮ ሲናድ የመስኖ ገበሬ ምን እንደሚያጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀን ግን ጣና ነው።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ ስላቆየው፣ በውስጡ ላቤዮባርበስ የሚባሉት፣ ካርፕ የተባለው ዓሣ ዘመዶች፣ ተለያይተው 15 ያህል ዝርያ ሆነዋል። ሌላ የትም የሉም። ስምንቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው፤ አፉ ጥርስ ለሌለው ለዚህ ወገን ይህ እንግዳ ነገር ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት ማብቂያ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ ጠባቂ የለውም። የወንዙን ወለል እያገላበጠ የሚበላ አንድ እንግዳ ዓሣ እዚያ ጠጠር ላይ ከደረሰ የዓመቱን ዘር ይለቅመዋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የጣና አምሳያ የሆነ ሌላ ሐይቅ ነበር፤ ፊሊፒንስ፣ ሚንዳናኦ ደሴት ላይ ያለው ላናዎ። እሱም እንደ ጣና ሌላ የትም የማይገኙ የካርፕ ዘመዶች ያደሩበት ነበር። በሰው እጅ አዳኝ ዓሦች ገቡበት፤ ከልክ ያለፈ ማጥመድም ታከለበት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባወጣው መዝገብ ከ17ቱ የላናዎ ብርቅዬ ዓሦች 15ቱ ከምድር ጠፍተዋል፤ የቀሩት ሁለቱም ምናልባት ጠፍተው ይሆናል ተብሏል። ከላናዎ በኋላ እንዲህ ያለ የዝርያ ስብስብ ይዞ የቀረው ጣና ነው።

ጣና እምቦጭን ያውቃል። እምቦጭም በዓለም ላይ የተሰራጨው በአብዛኛው ለአበባው ውበት ሲባል በሰው እጅ ነው። ቆቃና አዋሽ ላይ በ1965 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል፤ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ.። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ሁላችንም አይተናል። እምቦጭ ግን ቢያንስ ይታያል፤ ይያዛል፤ ይነቀላል። ዓሣ አይነቀልም። ዓሣን ከውሃ ለማጥፋት ያለው መንገድ ሮተኖንን የመሰለ መርዝ ነው፤ እሱም በአብዛኛው በትንንሽ ውሃዎች ይሞከራል፤ አገሬውንም እንግዳውንም ዓሣ አብሮ ይገድላል። ለጣና አይታሰብም። ስለዚህ ሥራው ያለው ሐይቁ ጋ ሳይሆን ቦሌ ኤርፖርትና ሱቁ ላይ ነው።

በሽታውንም አትርሱ። ኮይ የሚባለው ባለ ቀለም ዓሣ ቆቃና ዝዋይ ላይ የሚጠመደው ካርፕ ራሱ ነው፤ በመልክ የተመረጠ እንጂ ሌላ ዝርያ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. እስራኤልና አሜሪካ ውስጥ የታየው የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ ሁለቱንም እኩል ይገድላል። ስንጥባቸው ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ዓይናቸው ይጎደጉዳል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታሉ። ሰውን አይነካም። ቫይረሱ በሽታ ሆኖ የሚወጣው ውሃው ከ16 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ኩሬ ውስጥ ያለ ኮይ በሽታውን ተሸክሞ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ሞቅ ያለው ቆቃ ሲደርስ ግን ይወጣል። የቆቃ አጥማጅ ገቢ በአንድ ባልዲ ላይ ተንጠልጥሏል ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው።

መሠረቱ በእጃችሁ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ኢትዮጵያ በ1994 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትም ወራሪ እንግዳ ዝርያዎችን መከላከልን ያስገድዳል። የምንጠይቀው በዚህ ላይ ስለ ጌጥ ዓሣ ለይቶ የሚናገር መመሪያ ነው።

መጀመሪያ ዝርዝር። «የተከለከለ» ዝርዝር ብቻ ከወጣ አስመጪው ነገ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ዝርዝሩ «የተፈቀደ» ይሁን፤ እዚያ ያልሠፈረ አይግባ። የኤርፖርቱ ኢንቮይስ የእያንዳንዱን ዓሣ ሳይንሳዊ ስም ይያዝ፤ «ትሮፒካል ፊሽ» የሚል ወረቀት ይመለስ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ዓሣው ከ16 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውሃ ዓመቱን ይዘልቃል? ይራባል? ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል? አዳኝ ነው? አብዛኞቹ የባሕር ዓሦች ጨው በሌለው ውሃ ስለማይኖሩ ስጋታቸው አነስተኛ ነው። 28 ዲግሪ ግድም ያለ ሙቀት የሚፈልገው ዲስከስ፣ ለመራባት በጣም ለስላሳና አሲዳማ ውሃ የሚሻው ካርዲናል ቴትራ ይፈቀዱ። ፕሌኮ፣ ፒራኛ፣ «ጋር» (gar) የሚባለው ዓሣ፣ እባብ ራስ ዓሣ እና እንደ ኦስካር ያሉ ትልልቅ አዳኞች አይግቡ። ጎልድፊሽና ጋፒን ሙሉ በሙሉ መከልከል ግን አንመክርም፤ በየቤቱ ስላሉ ክልከላው ራሱ ሰዉን ወደ ወንዝ ይልከዋል። በቤት ውስጥ ገንዳ ብቻ ይያዙ፤ ጣና፣ ሐዋሳና ዝዋይ ዳር ባሉ ከተሞች ግን አዲስ አይሸጡ።

ኮይ ከገባ ለ30 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ ውሃው 24 ዲግሪ ይሁን፤ በሽታው ካለ እንዲወጣ ነው ሙቀቱ። ጤነኛ መሆናቸው የታወቀ ሁለት ሦስት ካርፖች አብረውት ይኑሩ፤ ቫይረሱ ካለ እነሱ ይታመማሉ። መረቡም ባልዲውም ለሌላ ገንዳ አይዋል። ናሙናውን የሚመረምረው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም፣ የዓሣ ምርምር ማዕከሉም ሰበታ ናቸው፤ ሁለቱን ማገናኘት ለእናንተ ከባድ አይሆንም።

ሱቁ የሸጠውን ይቀበል። ደንበኛው ዓሣውን ማቆየት ሲያቅተው ያለ ክፍያ መልሶ የሚያስረክብበት ገንዳ ያለው ሱቅ ብቻ ፈቃዱ ይታደስለት። ገንዘብ መመለስ አያስፈልግም፤ የሚቀበል በር መኖሩ ይበቃል።

የመናፈሻና የሆቴል ኩሬዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ከኩሬው ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ላይ ወንፊት ማድረግ የተለመደ ነው፤ አይበቃም። የጎልድፊሽ እንቁላል 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያልፋል። ጠባብ ወንፊት ደግሞ በቅጠል ይደፈንና ኩሬው በላዩ ፈስሶ ዓሣውን ራሱን ይዞ ይወጣል። ትርፉ ውሃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎርፍ ቱቦ ሳይሆን በአሸዋና በጠጠር ወደ ተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ይፍሰስ።

በየማረፊያው ያሉ የአጥማጆች ማኅበራት ዓይናችሁ ናቸው። አንድ የስልክ ቁጥር ስጧቸው። እንግዳ ዓሣ መረብ ውስጥ ሲገኝ ወደ ውሃ አይመለስ፤ በጎኑ አስተኝተው አጠገቡ ሳንቲም አድርገው ፎቶ ያንሱት፤ በበረዶ ያቆዩት፤ የተያዘበትን ቦታና ቀን ይናገሩ።

ለቤተሰቡ የሚሰጠው ወረቀት ደግሞ የሚከተለውን ይበል። የሚወስደው ካጡ ዓሣውን ሳያሠቃዩ ማሳለፍ ይቻላል። ዓሣው ባለበት በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 0.4 ሚሊ ሊትር የቅርንፉድ ዘይት ይበቃል፤ ለ5 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዘይት ከውሃ ስለማይቀላቀል መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ነጭ እስኪሆን ይናጥ፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይጨመር። ስንጥቡ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ ሌላ 30 ደቂቃ እዚያው ይቆይ፤ ቸኩሎ ማውጣት ነው ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው፤ የሞተ የመሰለው ይነቃል። ከዚያ ከውሃ ርቆ ይቀበር። በረዶ ውስጥ መክተት ለጎልድፊሽ ሥቃይ ነው፤ ቅዝቃዜ ይችላልና። የገንዳው ውሃ ወደ ቱቦ ሳይሆን ደረቅ አፈር ላይ ይደፋ። የገንዳ ተክል ላይ እንቁላልና ቀንድ አውጣ ስለሚጣበቅ ተክሉ በፀሐይ ተሰባባሪ እስኪሆን ደርቆ ይቃጠል፤ ጠጠሩ በፈላ ውሃ ይታጠብ።

የዝርያዎቹን ዝርዝር ከነሳይንሳዊ ስማቸው አዘጋጅተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን። መመሪያው እስኪወጣ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎችና መናፈሻዎች ኩሬያቸው ውስጥ ምን ዓይነት ዓሣ እንዳለ፣ ትርፍ ውሃቸውም ወዴት እንደሚፈስ ሰኔ ሳይገባ እንዲጣራ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጌጥ ዓሣ አርቢዎች፣ ሻጮችና የውሃ ሕይወት ባለሙያዎች