ለሰብለ፣ ስለዚያ የስኪ ቡትሽ

ውድ ሰብለ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ማን ቀድሞ እንደጠፋ አንከራከር፤ ሁለታችንም ጠፍተናል። ቪዲዮሽ ሲደርሰኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አንቺ፣ ስኪ አስረሽ በጀርመኑ የጋርሚሽ የበረዶ ቁልቁለት ላይ! እማማ ቢያዩሽ ጠበል ነበር የሚወስዱሽ።

ከቪዲዮው ሥር የጻፍሽው ግን አናደደኝ። «እግሬ ሸፋፋ ስለሆነ ስኪ ለእኔ አይሆንም» ትያለሽ። ማን ነው እንዲህ ያለሽ? እዚህ ዴንቨር ስኪ ሱቅ ውስጥ የስኪ ጫማ፣ ማለትም ቡት፣ ማስተካከል ከጀመርኩ ወዲህ የሰው እግር ሳይ ነው የምውለው። በቱንቢ ለክተሽው ልክ የሚሆን እግር ብርቅ ነው። የኛው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ኦሎምፒክ ላይ የሮጠው አገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ እዚያ ቡቱ ለስላሳ ነው፣ ተረከዝም ከስኪው ይነሳል። አንቺ የገባሽበት ግን እስከ ቅልጥም የሚቆልፍ ፕላስቲክ ነው። እግርሽ ትንሽ ቢያዘነብል ስኪውም አብሮ ያዘነብላል። ስለዚህ እግርሽን ከመውቀስሽ በፊት ቡቱን እንመርምረው።

መጀመሪያ ቁጥሩ። 25.5 ገዛሁ ብለሻል። የስኪ ቡት ቁጥር የእግር ርዝመት በሴንቲሜትር ነው። ተረከዝሽን ግድግዳ አስጠግተሽ ወረቀት ላይ ቁሚና ለኪው። እኔ የማውቀው የአንቺ እግር 24 ቢሆን ነው። ግማሽ ቁጥር ደግሞ ብዙ አያታልልሽ፤ በአብዛኛው 25 እና 25.5 የውጩ ፕላስቲክ አንድ ዓይነት ነው።

አሁን የውስጡን ለስላሳ ጫማ አውጪውና ባዶውን ፕላስቲክ ልበሺው። ጣቶችሽ ፊቱን ነካ እስኪያደርጉ ወደፊት ግፊ፣ ጉልበትሽን እጠፍ አድርጊ፣ ከተረከዝሽ ጀርባ ያለውን ክፍተት እይ። ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ከሆነ ደህና ነው። ሦስት ጣት ያለ ጭንቅ ከገባ ቡቱ ትልቅ ነው፤ ዘለበት ብታጠብቂም አይድንም።

ቅልጥሜን ያመኛል ያልሽው ለምን እንደሆነ ገባሽ? ሰው ሲያመው ቡቱ ጠበበ ብሎ ሌላ ሰፊ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እግር በሰፊ ቡት ውስጥ ይንሸራተታል፣ ቅልጥም የፊቱን ምላስ ደጋግሞ ይመታል፣ ጥፍርም ይጠቁራል። ያኔ ደግሞ ዘለበቱን እስከ መጨረሻው ታጠብቂያለሽ፣ እግርሽ ይደነዝዛል። ልክ በሆነ ቡት ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ጣትሽ ፊቱን ይነካል፣ ጉልበትሽን ስታጥፊ ወደኋላ ይመለሳል። ሁለት ካልሲ ደርበሽ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ተይ። አንድ ስስ ካልሲ ይበቃል።

ወደ ጉልበትሽ ልምጣ። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ወደ ግራ ስትዞሪ ቀኝ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ይህ በሁለት ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላሉ። አንደኛው፣ ጉልበትሽ በተፈጥሮው ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ክብደትሽ በስኪው የውጭ ጠርዝ ላይ ያርፋል። የውስጡ ጠርዝ በረዶውን እንዲነክስ ጉልበትሽን በግድ ወደ ውስጥ ትሰብሪዋለሽ። ሁለተኛው፣ መሃል እግርሽ በክብደት ተጭኖ ሲደረመስ ቁርጭምጭሚትሽንም ጉልበትሽንም ይዞ ወደ ውስጥ ይሄዳል። እኔ የጠረጠርኩት ሁለተኛውን ነው፤ ቡቱ ከሰፋ እግር መደረመሻ ቦታ አያጣም።

ለዚህ ነው በእግርሽ ቅርጽ የተሠራ የውስጥ ሶል ከሁሉ የሚቀድመው። እግሩ ሳይረጋ ጉልበት መለካት መሠረቱ የሚንቀሳቀስ ቤት በር እንደማስተካከል ነው። ሶሉ ከገባ በኋላ ባለሙያው ከጉልበትሽ መሃል ቱንቢ ያወርዳል። ክሩ በቡቱ መሃል መስመር ወይም ጥቂት ወደ ውስጥ ካረፈ ጥሩ ነው።

ቁርጭምጭሚቱ ጋ ያለውን ብሎን ደግሞ እንዳትነካኪ! ባልሽ በካቻቪቴ ሊፈታው ቢነሳ ከልክይው። ያ ብሎን የቡቱን የላይኛውን ክፍል ወደ ጎን የሚያዘነብል ነው። ሥራው ቡቱ የቅልጥምሽን አቅጣጫ ተከትሎ ከግራም ከቀኝም እኩል እንዲነካሽ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ሸፋፋነት የሚታረመው በዚህ ይመስለዋል። አይደለም። እውነተኛው እርማት ከታች ነው፤ የቡቱ ሶል በማሽን ይላጋል፣ ወይም ቡቱን ከስኪው ጋር ከሚያያዘው ማሰሪያ ሥር ስስ ሽብልቅ ይገባል። የሚስተካከለው በግማሽና በአንድ ዲግሪ ነው፤ ያቺ አንድ ዲግሪ ግን በረዶ ላይ ጉድ ታሳይሻለች።

ባትሽንም አትርሺ። የብዙ ሴቶች ባት ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር የቡቱ ጀርባ ይገፋውና ጉልበታቸው ያለ ፍላጎታቸው ይታጠፋል፣ ጭናቸው ይቃጠላል። ከኋላ ተነቃይ ፕላስቲክ ካለው አስነሺው፤ ከሌለው ጫፉን በሙቀት ያሰፉልሻል።

እንግዲህ ሙኒክ ያለው ሱቅ ቡቱን የሚቀይርልሽ ከሆነ ቀይሪው። ከዚያ የውስጥ ሶል፣ ከዚያ ቱንቢ። ስታስሪውም መጀመሪያ ተረከዝሽን ወደኋላ መታ መታ አድርጊ፣ የላይኞቹን ዘለበቶች አጥብቂ፣ የታችኞቹን ላላ አድርጊ። ቡት ከቀየርሽ ወይም የቡቱ ሶል ከተላገ ማሰሪያው እንደገና ይፈተሽ። በዚህ ቀልድ የለም፤ ስትወድቂ ማሰሪያው ካልለቀቀሽ ጉልበትሽን ነው የምታጪው።

ባዶ እግርሽን ከፊት ለፊት ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ጉልበትሽ በደንብ ይታይ። የልጆቹንም ፎቶ ጨምሪበት። ሱቅ ስገባ ስልክ አላነሳም፣ ማታ ግን ደውዪ።

ያንቺው
ትዕግሥት