ለወረዳችን ተንቀሳቃሽ ራጅ፦ ለማሽኑም ለመለዋወጫውም እናዋጣ

የወረዳችን ጤና ጣቢያዎች አክታ ይመረምራሉ፤ ራጅ ግን የላቸውም። ደረቱን እንዲነሣ የታዘዘ ሰው ከተማ መውረድ አለበት፣ የመሳፈሪያ ያጣው ደግሞ እያሳለ ቤቱ ይቀራል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ የስርጭት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ቲቢ በአክታ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል አልነበራቸውም። እነሱን «ያስልሃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አያገኛቸውም፤ ራጅ ግን ብዙዎቹን ያገኛል።

ልንገዛ ያሰብነው በባትሪ የሚሠራ ዲጂታል ራጅ ነው። ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ ዲቴክተሩ፣ 35 በ43 ሴንቲሜትር ነው፤ ውድም ተሰባሪም ነው። አንዴ ከጠረጴዛ ከወደቀ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ መከላከያ ሽፋን፣ የማይነቃነቅ ማቆሚያ፣ 2 ትርፍ ባትሪ፣ የመብራት መዋዠቅ የሚከላከል ስታቢላይዘር፣ ጨረራ የሚያግድ የእርሳስ (የሊድ ብረት) ሽርጥና ለባለሙያዎቹ የጨረራ መለኪያ ያስፈልጋሉ። ከውጭ አሮጌ የፊልም ማሽን ልትልኩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ጨለማ ክፍልና ማጠቢያ ኬሚካል ይፈልጋል፤ ኬሚካሉ ያለቀ ዕለት የጋቢ መስቀያ ይሆናል።

የሥልጠናው ወጪ ትንሽ ቢመስልም እንዳይናቅ። ታካሚው ሐብሉን አውልቆ፣ ትከሻውን ወደ ፊት አምጥቶ፣ በረጅሙ ስቦ ትንፋሹን ካልያዘ የሳንባው ታችኛ ክፍል ይደበዝዝና ጤነኛው በሽተኛ ይመስላል። ምስሉን የሚያነብ ሶፍትዌር ለመጠቀም የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ምክር ሰጥቷል፤ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ ነው። የልጆቹን ምስል ሐኪም ያነባል። ሶፍትዌሩ የድሮ ጠባሳን እንደ አዲስ ቲቢ ሊቆጥር ስለሚችል፣ የጠረጠረው ሁሉ አክታው የቲቢን ጀርም በዘረመሉ በሚለየው ማሽን፣ በጂን ኤክስፐርት፣ ይታያል፤ በራጅ ብቻ ቲቢ አለብህ አይባልም። በተቃራኒው ኤችአይቪ የጠናበት ሰው ቲቢ ይዞት ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ምልክት ካለው አክታው ይመርመር።

በ6 ወሩ ሕክምና ለውጡ የሚለካው በአክታ ነው። ራጅ የሚደገመው ሕመሙ ሳይሻል ሲቀር ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ነው። ከዳነ በኋላም ጠባሳ ስለሚቀር የመጀመሪያው ምስል ካልተቀመጠ፣ ኋላ የሚታየውን ከአዲስ ሕመም መለየት ይቸግራል። ለዚህ 2 የመረጃ ማስቀመጫ ዲስኮች እንፈልጋለን።

መዋጮ በየዕድራችሁ ሰብሳቢዎች በኩል በደረሰኝ ነው፤ ለየትኛው ዕቃ እንደሰጣችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የጥገናው ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ለነዳጅም ለአበልም አይነካም።